ባለቤት ያጣው ክለብ እንዴት ለዋንጫ በቃ?

በ2023 የካናዳ ፉትቦል ሊግ መደበኛ ውድድር ሲጠናቀቅ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታትና ወራት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ሞንትሪያል አሉዌትስ ካደረጋቸው 18 ጨዋታዎች 11ዱን አሸንፎ በሰባቱ ተሸንፎ ነበር። ቁጥሩን ላይ ላዩን ላየው ደህና ውጤት ነው። ጠጋ ብሎ ለመረመረው ግን ሌላ ነገር ይናገራል። ሰባቱም ሽንፈቶች የመጡት ከሦስት ክለቦች ብቻ ነው፦ ቶሮንቶ ሦስት ጊዜ፣ ዊኒፔግ ሁለት ጊዜ፣ ብሪቲሽ ኮሎምቢያ ሁለት ጊዜ አሸንፈውታል። አሥራ አንዱም ድሎች ደግሞ የተገኙት ከቀሩት አምስት ክለቦች ነው፤ አምስቱም ዓመቱን የጨረሱት ካሸነፉት የተሸነፉት በልጦ ነው። አሉዌትስ ከበታቹ ያለውን ሁሉ ያሸንፋል፤ ከበላዩ ካሉት ግን አንዱን እንኳ አንድ ጊዜ መርታት አልቻለም ማለት ነው።

በኖቬምበር ግን ከእነዚያ ሦስት ክለቦች ሁለቱን በተከታታይ ሁለት ሳምንታት ጥሎ ዋንጫውን አነሳ። ያን ሰሞን ብዙ የስፖርት ጸሐፊዎች ነገሩን እንደ ተአምር ቆጠሩት። እኔ እንደዚያ አላየውም። ይህ ቡድን ዘግይቶ የተሠራ ቡድን ነው። ዘግይቶ የተሠራውም በዓመቱ መጀመሪያ ላይ ደመወዝ የሚከፍለው ባለቤት ስላልነበረው ነው። የሐምሌና የነሐሴ ሽንፈቶቹ ስለ ኖቬምበሩ ቡድን ብዙ ሊነግሩን የማይችሉት ለዚህ ነው።

ጨዋታውን ለማያውቅ አንባቢ ጥቂት ማለት ያስፈልጋል። ቶሮንቶ፣ ካልጋሪ፣ ኤድመንተን፣ ዊኒፔግና ኦታዋ ብዙ የአማርኛ አንባቢ የሚኖርባቸው ከተሞች ናቸው፤ አምስቱም በዚህ ሊግ ክለብ አላቸው። ሆኖም ከወገኖቻችን ብዙዎቹ ስታዲየሙን በአውቶቡስ መስኮት ከማየት አልፈው የሚያውቁት አይመስለኝም። የካናዳ ፉትቦል የአሜሪካው ፉትቦል የቅርብ ዘመድ ነው፤ ልዩነቶቹ ግን የጨዋታውን ጠባይ ይቀይሩታል። ሜዳው 110 ያርድ ርዝመትና 65 ያርድ ስፋት አለው፤ ከአሜሪካው በሁለቱም ይበልጣል። በየወገኑ 12 ተጫዋች ይሰለፋል። ከሁሉም በላይ ደግሞ አሥር ያርድ ወደፊት ለመግፋት አሜሪካ ውስጥ አራት ሙከራ ሲፈቀድ ካናዳ ውስጥ የሚፈቀደው ሦስት ብቻ ነው። በሁለቱ ሙከራ ካልተሳካ በሦስተኛው ኳሱን በእግር ርቆ መትቶ ለተጋጣሚ መስጠት የተለመደ ነው። ስለዚህ ኳሱ ቶሎ ቶሎ ከእጅ ወደ እጅ ይዛወራል፤ መሪነትም እንዲሁ። ይህን አንባቢ ይያዝልኝ፤ ዋንጫው የተወሰነበት ቅጽበት ላይ እንመለስበታለን።

ክለቦቹ ዘጠኝ ናቸው። አራቱ በምሥራቅ፣ አምስቱ በምዕራብ ምድብ ይጫወታሉ። እያንዳንዱ ክለብ በ2023 ለተጫዋቾቹ ሁሉ በድምሩ እንዲከፍል የተፈቀደለት ወደ 5.4 ሚሊዮን የካናዳ ዶላር ነበር። በዚያው ዓመት በአሜሪካው ሊግ የአንድ ክለብ ጣሪያ 224.8 ሚሊዮን የአሜሪካ ዶላር ነበር። በካናዳው ሊግ ሀብታም ክለብ በገንዘቡ ብዛት ድሀውን ሊረታ አይችልም፤ ውሎቹም አብዛኞቹ የአንድና የሁለት ዓመት ናቸው። በየዓመቱ በፌብሩዋሪ አጋማሽ ውላቸውን የጨረሱ ተጫዋቾች ገበያ ሲከፈት አንድ ቡድን እኩሌታውን ሊያጣ፣ እኩሌታውን ሊተካ ይችላል። እና የዚህ ሊግ የውድድር ዘመን በሰኔ ይጀመር እንጂ ግማሹ የሚወሰነው በረዶው ሳይቀልጥ ነው።

የአሉዌትስ የ2023 ታሪክ መነሻው እዚያ ነው።

ክለቡ ባለቤት ሲያጣ የመጀመሪያው አልነበረም። በ1946 ተመሠረተ፤ በ1982 በዕዳ ፈረሰ፤ በሌላ ስም ተተክቶ ስሙን መልሶ ካገኘ በኋላ በ1987 ውድድሩ ሊከፈት ጫፍ ሲደርስ እንደገና ተዘጋ። ሞንትሪያል ለዘጠኝ ዓመታት ያለ ፉትቦል ክለብ ቀረች። በ1996 የተመለሰላትም በአሜሪካ ባልቲሞር ከተማ የነበረና በ1995 የካናዳን ዋንጫ የወሰደ ክለብ ወደዚያ ስለተዛወረ ነው። በ1997 በኦሎምፒክ ስታዲየም የዩቱ (U2) የሙዚቃ ቡድን ኮንሰርት ተይዞ ስለነበር አንድ የጥሎ ማለፍ ጨዋታ የግድ በማክጊል ዩኒቨርሲቲ ወደሚገኘው አሮጌው ፐርሲቫል ሞልሰን ስታዲየም ተወሰደ። ሰዉ ግልብጥ ብሎ ወጣ። ክለቡም በሚቀጥለው ዓመት ጠቅልሎ እዚያው ገባ። ሜዳው ከሞን ሮያል ተራራ ግርጌ ያረፈ፣ ሃያ ሺህ ጥቂት አለፍ የሚል ሰው የሚይዝ ጠባብ ስታዲየም ነው፤ ለዚህ ክለብ ግን ልኩ ሆኖ ተገኘ። ከዚያ በኋላ በጥቃት መሪው በአንቶኒ ካልቪዮ ዘመን በ2002፣ በ2009 እና በ2010 ዋንጫ መጣ።

ካልቪዮ ጫማውን ሲሰቅል ክለቡ ቁልቁል ወረደ። አሜሪካዊው ባለቤት ሮበርት ዌተንሆል ከሃያ ዓመት በላይ ከያዙት በኋላ በ2019 ሊጉ ራሱ ተረከበው። በ2020 መጀመሪያ ሲድ ስፒግልና ጌሪ ስተርን የተባሉ የኦንታሪዮ ነጋዴዎች ገዙት። ትልቁን ድርሻ የያዙት ስፒግል በ2021 አረፉ፤ ወራሾቻቸው ክለቡን ለማስቀጠል ፍላጎት አልነበራቸውም፤ ስተርንም ከክለቡ ራቁ። በፌብሩዋሪ 2023 ሊጉ ክለቡን በአራት ዓመት ውስጥ ለሁለተኛ ጊዜ ተረከበ። ይህ የሆነው ልክ የተጫዋቾች ገበያ በተከፈተበት ሰሞን ነው።

በተጫዋች ዓይን እንየው። ሠላሳ ዓመት ያለፈው፣ ሁለት ልጆች ያሉት፣ የአንድ ዓመት ውል ሊፈርም የተዘጋጀ ሰው ነው እንበል። አንዱ ክለብ ባለቤቱ የታወቀ፣ አሠራሩ የጸና ነው። ሌላው ደግሞ በሚቀጥለው ወር የማን እንደሚሆን የሚያውቅ የለም። ምርጫው ከባድ አይደለም። ያለፈው ዓመት የጥቃት መሪ ትሬቨር ሃሪስ ወደ ሳስካችዋን ሄደ። ከሊጉ ምርጥ ኳስ ተቀባዮች አንዱ ዩጂን ሉዊስ ወደ ኤድመንተን ሄደ። ጄክ ዊኒኪም ሃሪስን ተከትሎ ሳስካችዋን ገባ። በአንድ ሳምንት ውስጥ ኳሱን የሚወረውረውም፣ የሚቀበሉትም ወጡ።

የክለቡ ሥራ አስኪያጅ ዳኒ ማቾቻ በባዶ ቤት ቀሩ። እዚህ ላይ የሠሩት ሥራ፣ በእኔ አስተያየት፣ ዋንጫውን ያመጣው ሥራ ነው። ሌላ ቦታ የማይፈለጉትን ሰዎች ሰበሰቡ።

ጄሰን ማስ በ2022 የሳስካችዋን የጥቃት አሰልጣኝ ነበር። ያን ዓመት ቡድኑ ወድቆ ከሥራ ተባረረ፤ ማቾቻም ዋና አሰልጣኝ አድርገው ሾሙት። ኮዲ ፋሃርዶ በዚያው ዓመት የዚያው ቡድን የጥቃት መሪ፣ በነሱ ቋንቋ ኳርተርባክ ነበር። በጉልበት ጉዳት እየተንከላወሰ ተጫወተ፤ በዓመቱ መጨረሻ ላይ ለወጣት ቦታውን እንዲለቅ ተደረገ፤ ውሉም አልታደሰም። የሳስካችዋን ደጋፊ ለሁለቱም ደግ ቃል አልነበረውም። ማቾቻ ሁለቱንም ወሰዱ። ሃሪስ ወደ ሳስካችዋን፣ ፋሃርዶ ወደ ሞንትሪያል፤ ሁለቱ ክለቦች ኳርተርባክ የተለዋወጡ ያህል ሆነ። ያን ጊዜ ተጎጂው ሞንትሪያል ነው ያላለ ሰው አልነበረም ማለት ይቻላል።

የማቾቻን ምርጫ እንደ ጭንቅ የወለደው አድርጎ ማየት ግን ስህተት ነው። ማቾቻ የሞንትሪያል ልጅ ናቸው። በ2005 የኤድመንተን ዋና አሰልጣኝ ሆነው ዋንጫ ሲያነሱ ከኳርተርባኮቻቸው አንዱ ይኸው ጄሰን ማስ ነበር። በዚያ ፍጻሜ በጭማሪ ሰዓት 38 ለ 35 የተሸነፈው ቡድን ደግሞ አሉዌትስ ነው፤ ኳርተርባኩም ካልቪዮ። በ2023 ሦስቱ በአንድ ክለብ ተገናኙ፦ ማቾቻ ሥራ አስኪያጅ፣ ማስ ዋና አሰልጣኝ፣ ካልቪዮ ከፋሃርዶ ጎን የሚቆም የጥቃት አሰልጣኝ። ማቾቻ ማስ በጭንቅ ጊዜ ምን እንደሚሠራ የሚያውቁት በዓይናቸው አይተው ነው። ማስ ደግሞ ፋሃርዶ ጤናማ ሲሆን ምን እንደሚችል ያውቃል። ባለቤት በሌለበት ቤት የቀረላቸው ሀብት እርስ በርስ የሚተዋወቁ ሰዎች ነበሩ።

ማርች ላይ ፒየር ካርል ፔላዶ ክለቡን ገዙ። የኬቤኮር የመገናኛ ብዙኃን ድርጅት መሪ ናቸው፤ ለአንድ ዓመት ያህልም የኩቤክን ነጻነት የሚደግፈው የፓርቲ ኬቤኳ መሪ ነበሩ። ክለቡን የገዙት በግል ስማቸው ነው። ፈረንሳይኛ ተናጋሪ የኩቤክ ሰው የክለቡ ባለቤት መሆኑ በከተማዋ ትልቅ ነገር ነበር። ለቡድኑ ግን ገበያው ካለፈ በኋላ የመጣ ሲሳይ ነው፤ ምርጦቹ ተጫዋቾች ከሄዱ አንድ ወር ሊሞላቸው ነበር። ስለዚህ ቀሪው ግንባታ ወደ ውድድሩ ገባ። በሳስካችዋን ከማስና ከፋሃርዶ ጋር የነበረው ተከላካይ (ላይንባከር) ዳርኔል ሳንኪ ዘግይቶ መጣ። ኳርተርባክ አሳዳጁ አንጋፋው ሾን ሌመንም እንዲሁ ዘግይቶ ከደረሱት ነው። የተከላካዩ አሰልጣኝ ኖኤል ቶርፕ እነዚህን ሰዎች አንድ መስመር አድርጎ ለማዋሃድ ወራት ያስፈልገው ነበር።

ውድድሩ ይህንኑ አሳየ። ሁለቱን የመጀመሪያ ጨዋታዎች አሸነፉ፤ ከዚያ ሦስት ተከታታይ ሽንፈት፤ ከዚያ አራት ተከታታይ ድል፤ ከዚያ አራት ተከታታይ ሽንፈት። ነሐሴ መጨረሻ ላይ ዊኒፔግ 47 ለ 17 ሲደቁሳቸው ለዋንጫ የሚያስባቸው ሰው አልነበረም። ከ13 ጨዋታ በኋላ ስድስት አሸንፈው ሰባት ተሸንፈው ነበር። ከዚያ በኋላ ዓመቱ እስኪያልቅ አልተሸነፉም፦ አምስት በመደበኛው ውድድር፣ ሦስት በጥሎ ማለፍ።

እዚህ ላይ ለተቃራኒው ክርክርም ቦታ መስጠት ተገቢ ነው። የመጨረሻዎቹ አምስት ድሎች የተገኙት ደካማ ክለቦች ላይ ነው፤ የጨዋታው መርሐ ግብር ረድቷቸዋል። በተጨማሪም አንድ ጨዋታ ብቻ በሚወስንበት ጥሎ ማለፍ ዕድል ድርሻ አላት። ሁለቱንም እቀበላለሁ። ነገር ግን ከአራቱ የነሐሴና የመስከረም ሽንፈቶች የመጨረሻው፣ በቶሮንቶ 23 ለ 20 የደረሰባቸው፣ ከሳምንት በፊት በዚያው ቶሮንቶ ከደረሰባቸው 39 ለ 10 ጋር ሲነጻጸር ለውጡ ይታያል። ክፍተቱ ከ29 ነጥብ ወደ ሦስት ወርዷል። ሠንጠረዡ ሁለቱንም «ሽንፈት» ብሎ እኩል ይመዘግባቸዋል፤ ሜዳ ላይ ግን እኩል አልነበሩም። ተከላካዩ መስመር መናበብ የጀመረው በዚያ ሰሞን ነው።

በመጀመሪያው የጥሎ ማለፍ ጨዋታ ሃሚልተንን በሜዳቸው 27 ለ 12 አሸነፉ። ብዙ የሚባልበት ጨዋታ አይደለም። ቀጣዩ ግን ቶሮንቶ ነበር፤ ያውም በቶሮንቶ ሜዳ። ቶሮንቶ አርጎናትስ በዚያ ዓመት 16 አሸንፎ የተሸነፈው ሁለት ጊዜ ብቻ ነው፤ ኳርተርባኩ ቻድ ኬሊ የሊጉ የዓመቱ ኮከብ ተባለ። የምድቡን አንደኝነት ገና በመስከረም ስላረጋገጠ ለሳምንታት የሚያሰጋው ጨዋታ አልነበረውም። አሉዌትስ ደግሞ ለሁለት ወር ያህል በየሳምንቱ ለሕይወቱ ሲታገል የከረመ ቡድን ነው። ይህ ልዩነት በመጀመሪያው ሩብ ታየ። ቶሮንቶ የአሉዌትስ ጎል ደጃፍ ደርሶ ኬሊ ሲወረውር የኋላ ተከላካዩ ማርክ አንትዋን ድኳ ኳሱን ጠልፎ 101 ያርድ ሮጠና የጎሉን መስመር ተሻግሮ ታችዳውን አስቆጠረ። የሜዳው ርዝመት 110 ያርድ መሆኑን አንባቢ ያስታውሳል፤ ከጫፍ እስከ ጫፍ ማለት ነው። ሰባት ነጥብ ሊያገኝ የነበረ ቡድን ሰባት ነጥብ ተቆጠረበት። ኬሊ በዚያ ቀን አራት ኳስ አስጠለፈ። ውጤቱ 38 ለ 17 ሆነ።

ኬሊ ከፋ ማለት ብቻውን አይበቃም። የቶርፕ ተከላካዮች ኳሱ ከመለቀቁ በፊት አንድ አሰላለፍ ያሳያሉ፤ ሲለቀቅ ሌላ ይሆናሉ። ኳርተርባኩ ሲያይ ባዶ የመሰለው ቦታ ኳሱ በአየር ላይ ሳለ ሰው ይሞላበታል። እንዲህ ያለ አጨዋወት የሚሠራው አሥራ ሁለቱም ሰዎች አንዱ የሌላውን እርምጃ ሳያዩ ሲያውቁት ነው። በሰኔ ይህን ቢሞክሩ ኖሮ መሐላቸው ተበታትኖ በቀሩ ነበር።

ፍጻሜው ኖቬምበር 19 በሃሚልተን ተደረገ። ተጋጣሚው ዊኒፔግ ብሉ ቦምበርስ ለአራተኛ ተከታታይ ጊዜ ለፍጻሜ የደረሰ፣ በ2019 እና በ2021 ዋንጫ የወሰደ፣ በዚያ ዓመትም አሉዌትስን ሁለት ጊዜ የረታ ክለብ ነው። ኳርተርባኩ ዛክ ኮላሮስና ፋሃርዶ አሮጌ ታሪክ ነበራቸው። በ2019 ሁለቱም የሳስካችዋን ተጫዋቾች ነበሩ፤ ኮላሮስ ቋሚ፣ ፋሃርዶ ተጠባባቂ። ኮላሮስ በመጀመሪያው ጨዋታ ጭንቅላቱን ተመትቶ ወጣ፤ ፋሃርዶ ገብቶ ቦታውን ወሰደ። ኮላሮስ በዓመቱ ውስጥ ሁለት ጊዜ ተሸጦ ዊኒፔግ ደረሰና በምዕራብ ምድብ ፍጻሜ ያንኑ ሳስካችዋንን 20 ለ 13 አሸነፈ። ፋሃርዶ ጨዋታውን ለማዳን በመጨረሻው ሰከንድ የወረወረው ኳስ የጎሉን ብረት መትቶ ወደቀ። በካናዳ ጎሉ የሚተከለው በጎሉ መስመር ላይ ስለሆነ እንዲህ ያለ ነገር ይደርሳል። በ2021ም እንደገና በዊኒፔግ 21 ለ 17 ተሸንፎ ለፍጻሜ ሳይደርስ ቀረ። ፋሃርዶን ዊኒፔግ ከዋንጫ ደጃፍ ሁለት ጊዜ መልሶታል።

በፍጻሜው ዊኒፔግ እረፍት የወጣው 17 ለ 7 እየመራ ነው። በምድር ላይ ኳስ ይዞ የሚሮጠው ብሬዲ ኦሊቬራ የዊኒፔግ ልጅ ሲሆን በዚያ ዓመት የሊጉ ምርጥ ካናዳዊ ተብሏል። በሁለተኛው አጋማሽ አሉዌትስ እየተጠጋ፣ እየቀደመ፣ እየተቀደመ መጣ። ሁለት ደቂቃ ያህል ሲቀር ሰሌዳው 24 ለ 21 ለዊኒፔግ ይላል፤ ኳሱ በፋሃርዶ እጅ ነው፤ ጎሉም ሩቅ ነው።

ያ ጥቃት በሦስተኛው ሙከራ ሊያበቃ ደርሶ ነበር። አምስት ያርድ ይቀራቸዋል። ካልተሳካ ኳሱ የዊኒፔግ ነው፤ ዋንጫውም እንዲሁ። ፋሃርዶ ኳሱን አጭር አድርጎ አምስቱን ያርድ ብቻ ለማግኘት አልሞከረም፤ ወደ ሜዳው መሐል ጠልቆ ለገባው ኮል ስፒከር አሻገረው። ስፒከር ያዘው። ከዚያ ጥቂት ቆይቶ፣ 13 ሰከንድ ሲቀር፣ ከ19 ያርድ ርቀት ወደ ታይሰን ፊልፖት ወረወረ። ፊልፖት ኳሱን ይዞ የጎሉን መስመር ተሻገረ። 28 ለ 24። ፋሃርዶ በዚያ ምሽት ከ26 ውርወራ 21ዱን ለወገኑ አድርሶ 290 ያርድ አስገኝቶ፣ ሦስት ታችዳውን አቀብሎ የፍጻሜው ኮከብ ተባለ። ከሳስካችዋን ማንም ሳይፈልገው ከወጣ ገና አንድ ዓመት አልሞላውም።

ፊልፖት የፍጻሜው ምርጥ ካናዳዊ ሆኖ ተሸለመ። ይህ ሽልማት ከአንድ ደንብ ጋር የተያያዘ ነው፦ እያንዳንዱ ክለብ ከቋሚ ተሰላፊዎቹ ቢያንስ ሰባት ያህሉን ከካናዳውያን ማድረግ አለበት። ሊጉ ውስጥ ይህን ደንብ እንደ ሸክም የሚያዩ ሰዎች አሉ፤ አሜሪካዊው ተጫዋች ይበልጣል፣ ገበያው ይወስን ይላሉ። የ2023 አሉዌትስ ለዚህ ክርክር ጥሩ መልስ ነው። ፊልፖት በ2022 ከካልጋሪ ዩኒቨርሲቲ የተመረጠ፣ የቀድሞ የሊጉ ተጫዋች የኮሪ ፊልፖት ልጅ ነው። ድኳ የሞንትሪያል ዩኒቨርሲቲ ቡድን ፍሬ ነው። ማቾቻ ወደ አሉዌትስ ከመምጣታቸው በፊት ለዓመታት ያሠለጠኑትም ያንኑ ቡድን ነው። በጥቃቱ መስመር ላይ የነበረው ክርስቲያን ማት ከ2010 ጀምሮ በዚህ ክለብ የቆየ የአካባቢው ልጅ ነበር። አሜሪካውያኑ ኮከቦች በፌብሩዋሪ ሲበተኑ እነዚህ አልተበተኑም። ባለቤት በሌለበት ወቅት ቡድኑን አንድ ያደረጉት ቤታቸው እዚያው የሆነ ሰዎች ናቸው። ደንቡ ባይኖር የ2023 አሉዌትስ በፌብሩዋሪ ምን ሊተርፈው ይችል እንደነበር ማሰብ ይከብደኛል።

የጨዋታው ፉጨት ከተነፋ በኋላ ድኳ በፈረንሳይኛ ቴሌቪዥን ፊት ቆሞ በቁጣ ተናገረ። በስታዲየሙ ያለው ጽሑፍ ሁሉ በእንግሊዝኛ ነው አለ፤ እኛን ማንም አላመነብንም አለ፤ እንግሊዝኛችሁን ያዙት አለ። ቪዲዮው በአንድ ሌሊት አገር አዳረሰ። በእንግሊዝኛ ተናጋሪው ካናዳ ብዙዎች ቅር ተሰኙ፤ በኩቤክ ደግሞ የልባችንን ተናገረልን ያሉ ብዙ ነበሩ። ድኳ በኋላ በስሜት መናገሩን፣ በእንግሊዝኛ ተናጋሪዎች ላይ ጥላቻ እንደሌለው ገልጿል።

እኔ ከዚያ ንግግር የወሰድኩት ቁጣውን አይደለም። ከሊጉ ዘጠኝ ክለቦች በፈረንሳይኛ አገር የሚገኘው አንዱ አሉዌትስ ብቻ ነው። አገሪቱ ሁለት የሥራ ቋንቋ ያላት ሆና፣ ከፍጻሜ ተጋጣሚዎቹ አንዱ የኩቤክ ክለብ ሆኖ፣ የአገሪቱ ታላቅ የስፖርት ቀን በአንድ ቋንቋ ያጌጠ ስታዲየም ውስጥ መደረጉ ስህተት ነበር። ጥፋቱ ከጨዋነት ጉድለትም ያልፋል፤ የሊጉን ጥቅም የሚጎዳ ነው። ሊጉ ይህን ክለብ በአራት ዓመት ውስጥ ሁለት ጊዜ በእቅፉ ተሸክሞ፣ ገዢ ፈልጎ ሰጥቷል። ሞንትሪያል ውስጥ ወንበር የሚሞላው ሰው ፈረንሳይኛ ተናጋሪ ነው። ለዚያ ሰው ጨዋታው የእርሱም እንደሆነ ማሳየት ካልተቻለ የሚቀጥለው ገዢ ፍለጋ ሩቅ አይሆንም። ድኳ የተናገረው በተሳሳተ ቃና ሊሆን ይችላል፤ የነካው ጉዳይ ግን ክለቡን በ1982 እና በ1987 ከገደለው ጉዳይ ጋር የሚገናኝ ነው።

ዋንጫው ባለቤትነቱን አረጋጋው። በ2024 አሉዌትስ 12 አሸንፎ፣ አምስት ተሸንፎ፣ አንድ እኩል ወጥቶ ምድቡን በአንደኝነት ጨረሰ፤ በምድቡ ፍጻሜ ግን በራሱ ሜዳ በቶሮንቶ ተሸነፈ። የዚያ ዓመት ታኅሣሥ ላይ ፋሃርዶ በልውውጥ ወደ ኤድመንተን ሄደ። ዋንጫ ያመጣን ኳርተርባክ በአንድ ዓመት ማሰናበት ጭካኔ ይመስላል። ክለቡ ግን ወጣቱን ዴቪስ አሌክሳንደርን መርጦ ነበር፤ ምርጫውም አላሳፈረውም። አሌክሳንደር ቋሚ ሆኖ በጀመራቸው ጨዋታዎች አንድም ጊዜ ሳይሸነፍ ቡድኑን ለ2025 ፍጻሜ አበቃ።

ያ ፍጻሜ በዊኒፔግ ተደረገ። ተጋጣሚው ሳስካችዋን ነበር። ሳስካችዋን 25 ለ 17 አሸነፈ፤ የጨዋታው ኮከብ ተብሎ የተሸለመውም በፌብሩዋሪ 2023 ባለቤት አልባውን ሞንትሪያልን ትቶ የሄደው ትሬቨር ሃሪስ ነው። ኳርተርባክ የተለዋወጡት ሁለት ክለቦች በመጨረሻ ሁለቱም ዋንጫ አገኙ። ሃሪስ ያን ጊዜ ክለቡን መልቀቁ ትክክል ነበር፤ ማቾቻ ፋሃርዶን መውሰዳቸውም ትክክል ነበር። በ2023 የክረምት ገበያ ሞንትሪያልን ከተሸናፊዎች ተራ የመደቡ ተንታኞች የሳቱት ይህን ነው። በአንድ ዝውውር ሁለቱም ወገን ሊጠቀም እንደሚችል አላሰቡም፤ የስም ዝርዝር ቆጥረው ፈረዱ።

አሁን ሊጉ ራሱ ሊለወጥ ነው። በመስከረም 2025 የሊጉ ኮሚሽነር ስቱዋርት ጆንስተን እንዳስታወቁት ከ2027 ጀምሮ ሜዳው ከ110 ወደ 100 ያርድ ያጥራል፤ የጎል ብረቱም ከጎሉ መስመር ተነስቶ ወደ ኋላ ይሄዳል። ፋሃርዶ በ2019 የመታው ብረት ዓይነት ከእንግዲህ በተጫዋች መንገድ ላይ አይቆምም። ብዙ ደጋፊዎች ካናዳዊነቱ ተሸረሸረ ብለው ተቆጥተዋል። እኔ ስለ ያርዱ ብዙም አልከራከርም። ሦስቱ ሙከራዎች እንዳሉ ናቸው፤ በእያንዳንዱ ወገን አሥራ ሁለት ሰው መሰለፉም አልተነካም። የምሠጋው ለካናዳውያን ቋሚ ቦታ የሚሰጠው ደንብ በሚቀጥለው የሊጉና የተጫዋቾች ማኅበር ድርድር እየተሸረሸረ እንዳይሄድ ነው። ደንቡ ቀድሞውንም አንድ አንድ እርምጃ እየላላ መጥቷል። ፊልፖትና ድኳ የመጡበት በር እርሱ ነው፤ ድርድሩ ሲከፈት ከአሉዌትስ ባለቤት ከፔላዶ ጀምሮ በዚያ ዋንጫ የተጠቀሙ ሁሉ በግልጽ ቆመው ሊከራከሩለት ይገባል።